ቆርቆሮ ላይ ዓይን የፈለገው መሣሪያ

ለውድ ወንድሜ ለጉልላት፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? ኑሀሚንስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ምስክር መራመድ ጀመረ? እማዬ አዋሽ ላይ ደህና ናት፤ ወገቧ ብቻ እንደ ልማዱ አንዳንዴ ይይዛታል። እኔም እዚህ ሰመራ፣ ኬላው ላይ የመንገደኛ ትኩሳት እየለካሁ ጤነኛ ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጤነኛ ነኝ አልኩ እንጂ አንጀቴ አርሯል። ያልደወልኩልህም በስልክ ከጀመርኩህ ስድብ ብቻ እንደሚወጣኝ ስለማውቅ ነው።

ያ መሣሪያህ ደርሶናል። ሙቀትን ፎቶ የሚያነሳው ካሜራ፣ አንተ እዚያ ፊንላንድ የሰው ዓይንና አፍንጫ የት እንዳለ በራሱ እንዲያገኝ ያስተማርከው። የዓይንን ጥግ ሙቀት አንብቦ በኮሮና የሚጠረጠረውን ይለያል ብለህ ስትጽፍልን እማዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርታልሃለች። እኔም ኮርቼ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ቀትር ላይ አብዱልበሲጥ መጣ። ከጅቡቲ ነዳጅ የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር እማዬ የምትልክልኝን ዕቃ ከአዋሽ ያደርስልኛል። ያን ዕለት ጠዋት እናቱ ከኬላችን ወዲያ ገዋኔ ላይ አርፋ ነበር። እነሱ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ጉድጓድ ወርዶ የሚያሳርፋትም ልጇ ነው። ከእሱ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። እያለቀሰ ከመኪናው ወርዶ፣ ውሃው እንዲቀዘቅዝ በእርጥብ ጆንያ ከተጠቀለለው ጀሪካን ፊቱን ታጥቦ ካሜራው ፊት ቆመ።

መሣሪያህ ጮኸ። ስክሪኑን አየሁት፤ እዚያ ላይ የቀዘቀዘ ነገር ይጠቁራል፣ የጋለ ይነዳል። የታጠበው ፊቱ ጠቁሯል፣ ከኋላው ያለው የኬላው ቆርቆሮ ነድዷል፣ መሣሪያው ዓይን ነው ብሎ የሚያኖራቸው ሁለቱም ምልክቶች ቆርቆሮው ላይ ተለጥፈዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ቴርሞሜትር ብብቱ ውስጥ አድርጌ ለካሁት፤ ምንም ትኩሳት የለውም። አለቃዬ ኃይለ ልዑል ግን ውጭ አገር የተሠራ መሣሪያ አይሳሳትም፣ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ አለኝ። አብዱልበሲጥ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እናቴን ልቅበርና ራሴ እመለሳለሁ፣ ከፈለጋችሁ ፖሊስ አስከትሉኝ ብሎ ለመነ። ለይቶ ማቆያ አስገቡት። እናቱን ጎረቤት አሳረፋት። የምርመራው ውጤት ሲመጣ ነፃ ነበር።

አንተ ግን ምን ነካህ? ቀትር ላይ የቤታችንን በር እጀታ በጨርቅ ይዘን እየከፈትን አይደለም እንዴ ያደግነው? ፊት በዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ ይሞቃል ብለህ ማሽን የምታስተምረው አንተ፣ የአዋሽ ልጅ? የዚያ አገር ሰው ባያውቅ አልፈርድበትም። አንተ ግን ልታስተምርበት የጓደኞችህን የፊት ፎቶ ከብርድ ክፍል ለቃቅመህ፣ የእኛን አንድ እንኳ ሳታይ ላክኸው።

አብዱልበሲጥ ከማቆያ ሲወጣ ይህን ነገር ማን ነው የሠራው አለኝ። ወንድሜ ነው ማለት አቃተኝ። አላውቅም አልኩት። መሣሪያውን ነቅዬ ሣጥኑ ውስጥ መልሼዋለሁ፤ ኃይለ ልዑል ከሥራ ቢያባርረኝም ያባርረኝ። የተዘጋው በረራ ሲከፈት በእንዲህ ያለ ቀትር መጥተህ፣ ከቆርቆሮው ሥር ቆመህ አስተካክለው።

ኑሀሚንን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ምስክርን ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ባለህበት ይጠብቅህ ብላለች፤ ይህን ጉድ አልነገርኳትም። ከአብዱልበሲጥ ሰላምታ የለህም። ትናንትም የእማዬን በርበሬ አድርሶልኝ ሄደ፣ የማን እህት እንደሆንኩ ሳያውቅ።

እህትህ አስረሳሽ
ሰመራ፣ ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.