ግርጌው ላይ ያለችው ቦታ

ጥቅምት 4
የዜና ድረ ገጼን ስነካካ ዋልኩ። የፍራሽ ነጋዴው ማስታወቂያ ከስክሪኑ ግርጌ ተተከለ። አንባቢው ገጹን ወደ ላይ ቢገፋ፣ ወደ ታች ቢስብ ንቅንቅ የለም። «እራት ሳይበላ የማይሄድ እንግዳ!» አለች እህቴ። ትሳቅ... ሌሎቹን ማስታወቂያዎች ማንም ሳያያቸው ያልፋል። ለዚህች ቦታ ግን ነጋዴው የዓመት ውል ፈረሙ። ገንዘብ አጥቼ ገጹን ልዘጋው አልነበር? እፎይ።

ጥቅምት 9
ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች መጣች። አባቷ ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። የመርሳት ሕመም አለባቸው። ፎቷቸውን አወጣሁላት፣ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሯን ጨመርኩ። «አይዞሽ፣ ስንት ሰው የሚያየው ገጽ ነው» አልኳት።

ጥቅምት 10
ብዙ ሰው ከፍቶታል። አንድም የደወለ የለም። ለምን?

ጥቅምት 11
የእኔ ነገር! እህቴ በስልኳ ከፍታ «ቁጥሩ የታለ?» ስትለኝ ክው አልኩ። እኔ ሁሌም የማየው በኮምፒውተር ነው። በስልክ ሲከፈት ማስታወቂያው የመጨረሻዋን መስመር ይሸፍናል። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ ቁጥሩ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ቁጥሩን ወደ ላይ አወጣሁት። ግን ገጹን አይቶ ያለፈ ሰው ተመልሶ ይከፍተዋል? ለነጋዴው ደወልኩ። ውሉን ቢያፈርሱስ?
«ጋሼ፣ ማስታወቂያዎን ለጥቂት ቀን ላንሳው?» ምክንያቱን ነገርኳቸው።

«ታዲያ ቦታውን ባዶ ልታደርጊው ነው? እሳቸውን አስቀምጫቸዋ! እኔ የያዝኩት እኮ ሰው ስለሚያየው ነው። ፍራሹ ይደርሳል።»
የአባትየው ፎቶ ከነቁጥሩ በሁሉም ገጽ ግርጌ ገባ። ኳሱም ላይ፣ የሥራ ማስታወቂያውም ላይ።

ጥቅምት 12
ተገኙ! ተገኙ! የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነው የደወለው። «የኳስ ውጤት እያየሁ፣ ሽማግሌው ከስክሪኑ ግርጌ አልሄድ አሉኝ። ቀና ስል ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።» ከሳ ከማለታቸው በቀር ደህና ናቸው። ለልብስ ሰፊዋ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። አቀፈችኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ጥቅምት 20
ፍራሹ ቦታው ተመልሷል። አሁን መጀመሪያ በስልክ ሳላይ ምንም አላወጣም። ነጋዴው ውሉ ላይ በእጃቸው ጨመሩበት፦ ሰው ሲጠፋ ፍራሹ ይነሳል።

ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ አባቷን ይዛ መጣች። ስልኬ ላይ የነበሩበትን ቦታ አሳየኋቸው።
«እዚህ ነበርኩ?»
«አዎ አባባ።»
ጣታቸውን ግርጌው ላይ አድርገው ቆዩ።
«ጥሩ ቦታ ነው» አሉ።