የአባትህ ክር

ኮተቤ፣ ጥር 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሃ፣ ካርቱም

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከእንጦጦ ብርድ በቀር የሚያማርረን የለም። እህትህ ሰላማዊት ማስተማር ጀምራለች።

አባትህ ጡረታ ወጥቶም ከአሮጌ ካርታዎቹ አልተለየም። ከጓደኞችህ ጋር በረሃውን አቋርጠህ ወደ ባሕሩ ልትሄድ እንደሆነ በስልክ በነገርከን ማግስት ጣሊያኖች የሠሩትን፣ ከእኛ አገር እስከ ባሕሩ የሚያሳየውን ካርታ ከሣጥኑ አውጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ይኸው ሳምንቱ ነው፤ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። የመስፊያ ክሬን ወስዶ በመንገዱ ላይ እያስተኛ ይለካል።

«እነዚህ ሰማያዊ ነጥቦች ምንድን ናቸው?» አልኩት ትናንት።

«የውሃ ጉድጓዶች።»

ቆጠርኳቸው፤ በመንገዱ ላይ ስድስት ናቸው። «አሁንም አሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ካርታው የተሠራው እኔ ሳልወለድ ነው» ብሎ መነጽሩን ጠረገ።

ከዚያ ከካርቱም ኮተቤ ያለውን ለካ። የባሕሩን መንገድ ክር ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሰላማዊትም ላምበረት አውቶቡስ መናኸሪያ ጎራ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ከጎንደር አውቶቡስ በየቀኑ ይገባል አሏት። ለማወቅ ያህል ነው።

ያሳደገህ አምላክ ከዓይኑ አያርቅህ።

እናትህ ዘርትሁን