እንዴት አደርህ?

ኅዳር ፲፫ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ቅኔ ወደ ተማርሁበት ደብር ሄጄ ነበር። ምነው እግሬን በሰበረው! የጣሊያኑ ሹም አስተርጓሚ ሆኜ የት እንደደረስሁ ተማሪዎቹ ይዩልኝ ብዬ ነው። «ቅኔው ይበቃችኋል፤ የጣሊያን ቋንቋ ልመዱ። ደበሎ ለብሳችሁ ቁራሽ ከመለመን ትድናላችሁ» ብዬ መከርኋቸው። ሁሉም ጫማዬን ያዩ ነበር።

መምህሬ የኔታ ከጎጆአቸው ወጡ። ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«እንዴት አደርህ?» አሉኝ።

ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። አረጁ፣ ጧትና ማታው ተምታታባቸው ብዬ አዘንሁላቸው። ጆሯቸውም ደክሞ እንደሆነ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን የኔታ፣ በደኅና አደርሁ» አልሁ። ተማሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

ነገሩ የገባኝ ወንዙን ከተሻገርሁ በኋላ ነው። ስለ ሌሊቱ አልጠየቁኝም። ለጣሊያን እንዴት አደርህ ማለታቸው ነበር። ሰሙን ከወርቁ እንድለይ ስድስት ዓመት የደከሙብኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት፣ ለጠላት በማደሬ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።