ለፋና የበራው ሻማ

ሐይቅ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆችሽና የልጅ ልጆችሽ እንዴት ናቸው? እናንተም ጋ ብርዱ ከገባ እግርሽን ሸፍኚ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ብርድ የሚገባብሽ በእግርሽ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል እንጂ አዝመራው ጥሩ ነው። እናታችንም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣለች። ይህን መስመር ደግመሽ አንብቢው፤ እናታችን ደህና ናት።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በስልክ ስንነጋገር ነገሩ ካልጣመሽ ኔትወርኩ ላይ ታሳብቢና ትዘጊዋለሽ። ወረቀት አይዘጋም። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በእጁ ልኬልሻለሁ።

የማኅበራችሁ የወሩ እንግዳ ተናጋሪ እንድሆን ስትጠይቂኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችሁ በየወሩ በዙም ተሰብስበው ከአገር ቤት አንድ ሰው እንደሚያዳምጡ፣ አማርኛ የማይችሉት ልጆች በአስተርጓሚ እንደሚከታተሉ ነገርሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ወዶና ፈቅዶ የሚሰማኝ ሰው ማግኘት ለእኔ ብርቅ ነው። «ወንድሜ ነህ አልልም፤ ዘመዷን አመጣች ይሉኛል» ስትይኝ አመንኩሽ። እንዲያውም በልቤ አደነቅኩሽ። «ከኋላህ ነጭ ግድግዳ ይሁን፤ ሌላ ሰው እንዳይታይ» ስትይኝም የስብሰባው ወግ መስሎኝ የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ። ኖራ ቀባሁ። ለአንቺ ስብሰባ ቤቴን ኖራ ቀባሁ እኮ!

ከትንሹ ልጀምር። ስታስተዋውቂኝ ሐይቅን ወስደሽ ጎንደር አስገባሻት። የእስጢፋኖስን ገዳም ደሴት አልሽው፤ ዛሬ በእግር ነው የሚገባበት፤ አንቺ ልጅ ሳለሽም በእግር ነበር። «የአምባሰል ዜማ» ብለሽ መግቢያ ላይ ያሰማሽው ደግሞ ባቲ ነው። በአምባሰል ተራራ ሥር ተወልደሽ! ይሁን፣ እነዚህን ዕድሜ ነው ብዬ እተዋቸዋለሁ።

ሻማውን ግን አልተውም።

እኔ ከመናገሬ በፊት «በሱዳን መንገድ የቀሩትን እናስባቸው» ብለሽ ሻማ አበራሽ። የአያታችንን ስም ጠራሽ። አያታችን በእርግጥ እዚያ ቀርታለች፤ አፈሩ ይቅለላት። ቀጥለሽ ግን «እናቴ ፋና» አልሽ። «እጄን እንደያዘች በበረሃ የቀረችው እናቴ ፋና።» አለቀስሽ። ቄሱ ጸለዩ። አንድ ሽማግሌ በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ይባስ ብለሽ የሟቾቹ ስም በድንጋይ ተቀርጾ በአዳራሻችሁ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል መሆኑን፣ የእናትሽም ስም እንደሚሰፍር ተናገርሽ።

እህቴ፣ ፋና ከፊት ለፊቴ፣ ከስልኩ ጀርባ፣ መደብ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ» ብለሽ ከደወልሽላት ሳምንት አልሞላም። አባቴን ስታገባ ዙሌይካ ከተባለች ወዲህ ፋና ብሎ የሚጠራት ሰው እዚህ አልነበረም፤ ከአያታችን በቀር። አያታችንም አንቺን ይዛ ሄደች። ከአርባ ዓመት በላይ ማንም ያልጠራው ስም ቤታችን ውስጥ ሲሰማ ለሙታን ጸሎት ሆነ። እጇ ምስሩ ላይ ቀጥ ሲል አየሁ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን እናትነሽ እርሾ ልትጠይቅ ገባች። ጸሎቱንና ለቅሶውን ስትሰማ ደንግጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ምነው ዙሌይካ፣ ማን ሞተባችሁ?» አለች። እናታችን ምን ብትላት ጥሩ ነው? «እኔ ነኝ የሞትኩት፤ ነይ ግቢና ተቀመጪ።» እናትነሽ ደግሞ አታንስም፤ «ታዲያ ንፍሮው የታለ? ምን ዓይነት ስስታም ሬሳ ነሽ!» አለቻት። ሁለቱ አሮጊቶች አፋቸውን በነጠላ አፍነው በሳቅ ተንፈራፈሩ። ድምፄን ዘግተሽው ስለነበር እናንተ አልሰማችሁም። እኔ ነጩን ግድግዳ ተደግፌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ፣ እናቴ በገዛ ለቅሶዋ ላይ ስትስቅ እሰማ ነበር። አንቺ «እንግዳችን ስሜታቸው ተነክቷል» አልሽ። ከንዴት የተነሣ እኮ ነው ፊቴ የቀላው!

ከዚያ ተናገርኩ። ስለ ሐይቅና አምባሰል ሸክላ ሠሪ ቤተ እስራኤል ሴቶች፣ አፈሩን ከየት ቆፍረው እንደሚያመጡ፣ እንዴት እንደሚተኩሱት፣ ሰዉ ድስታቸውን እየገዛ ከእጃቸው ግን ውሃ ይጸየፍ እንደነበር። ስጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። በአስተርጓሚ «ከእነዚያ ሴቶች ዛሬ እዚያ የቀረች አለች?» ብላ ጠየቀች። ስትጠይቅ ፈገግ አለች፤ ፍንጭቷን ሳይ የማን እንደሆነች ገባኝ። የልጅ ልጅሽ ናት። ያ ፍንጭት የእናታችን ነው። በስልኩ አናት በኩል ቀና ብዬ አየሁ፤ ባለ ፍንጭቷ አሮጊት አንገቷን አስግጋ መልሴን ትጠብቃለች። አፌን ስከፍት ድምፄን ዘጋሽው። «ሰዓታችን አልቋል» አልሽ። አላለቀም! የጥያቄው ሰዓት መጀመሩ ነበር፤ መርሐ ግብሩን የላክሽልኝ አንቺው ነሽ።

ምን ነካሽ? የሙስሊም ነጋዴ ሚስት መሆኗ ነው ያሳፈረሽ? አባቴ አንድ ቀን የእንጀራ ልጄ ናት ብሎ ለይቶሽ ያውቃል? ከአያታችን ጋር ስትወጪ የምትቀመጪበትን በቅሎ ማን ሰጠሽ? ወይስ ቀርታ ልጇን ማሳደጓ፣ እኔን ማሳደጓ፣ ለሰው የማይነገር ነገር ሆነብሽ? በረሃ የሞተች እናት ለማኅበር ታምራለች፤ ሐይቅ ገበያ ድስት ስትሸጥ ያረጀች እናት ግን አታምርም። እንዲህ ነው ሂሳቡ?

የምጠይቅሽ ግልጽ ነው። ስሟን ከድንጋዩ አስወጪ። ለማኅበሩም ራስሽ ንገሪ። አልናገርም ካልሽ በሚመጣው ስብሰባ እኔ እገባለሁ፤ ብቻዬንም አልሆንም።

እስከዚህ የጻፍኩት ትናንት ነበር። ዛሬ ጠዋት ለእናታችን አነበብኩላት፤ ደስ ይላታል ብዬ። እሷ እቴ! «ምን አድርጋህ ነው ልጄን እንዲህ የምታዋርዳት? ቅደደው» አለችኝ። «እማዬ፣ ገደለችሽ እኮ!» አልኳት። «አልገደለችኝም። ቃሏን ጠበቀች» አለች። «የምን ቃል?» ብላት ምስሯን ወደ መልቀም ተመለሰች። ደጋግሜ ብጨቀጭቃት ያወጣሁት ይህችን ብቻ ነው፦ «ያኔ ልጅ ነበረች። እናትሽ የት ናት ብለው ሲጠይቋት መንገድ ላይ ትረሳዋለች ብዬ ስንት ሌሊት ፈራሁ።»

ስለ ድንጋዩም ጠየቀችኝ። ማን አጠገብ ነው የሚጽፏት ብላ። አላውቅም አልኳት። «ከእናቴ አጠገብ ያድርጉኝ በላት» አለች። የላከችኝን ነው የምነግርሽ፤ እኔ አልተስማማሁም።

አንድ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቀኝም። የሄዳችሁ ቀን፣ ከቤቱ ጀርባ፣ እናታችን ሸክላ የምትተኩስበት ቦታ ላይ አንቺና እሷ ቆማችሁ ነበር። ፊትሽን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ነገር ታስደግምሻለች። አንቺ እያለቀስሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ። እንደገና ታስደግምሻለች። ጠጋ ብዬ ልሰማ ስል «ሂድ በጎቹን አስገባ!» ብላ አባረረችኝ። ስትመለሱ ጉንጮችሽ ላይ የጣቶቿ ጭቃ ደርቆ ነበር። አያታችን ልታጥብሽ ብትል አሻፈረኝ አልሽ፤ እንደዚያው ሆነሽ በቅሎው ላይ ወጣሽ።

ምን ነበር ያስደገመችሽ? እሷ አትነግረኝም። አንቺ ጻፊልኝ። ስትጽፊልኝም ቀኑን፣ ቦታውን፣ በኋላ ማን ምን ብሎ እንደጠየቀሽና ምን ብለሽ እንደመለስሽ፣ አንድ ሳታስቀሪ። ቁጣዬን እስከዚያ አቆየዋለሁ እንጂ አልተውኩትም። ደብዳቤውንም አልቀደድኩም፤ ልታነቢው ይገባል።

እናታችን «ከሞት የተመለሰ ሰው ምርቃት ይደርሳል» ብላ ስቃ መርቃሻለች፦ ከፍ በይ፣ ልጆችሽ ይታዘዙሽ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ የተሸከምሽውን አላህ ያቅልልሽ። የመጨረሻዋን ስትል አልሳቀችም። እኔም አሚን ብያለሁ።

ለዚያች ባለ ፍንጭት ልጅ ጥያቄዋ እንዳልተመለሰ ንገሪልኝ። ኖራው ገና ነጭ ነው፤ ግድግዳው ለሁለት ሰው ይበቃል።

እንግዳሽ ሳልሆን፣
ወንድምሽ