ባሕሩ ከታጠረ ወዲህ

ሙምባይ፣ ዎርሊ

ይድረስ ለልጄ ለናምዴቭ፤ አምላካችን እናት ኤክቪራ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። እኛ ደህና ነን።

አዲሱ የባሕር ዳር መንገድ ደጃችን ደርሷል። ጎረቤቶቻችን ወደ ፎቅ ቤት ሄደው አለቁ፤ ዓሣ ሳሰጣ የማወራው ሰው አጣሁ። ባለፈው ሳምንት መንገድ ሠሪዎቹ ጀልባ ማቆሚያውን በቆርቆሮ አጠሩት። አባትህ መረቡን ተሸክሞ ሲደርስ ዘበኛው፣ «አባባ፣ ማለፍ ክልክል ነው» አለው።

«ታዲያ ባሕሩን ወዲህ አምጣልኛ!» ብሎት ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በማግስቱ ጀልባዋን ሸጣት።

አንተ ብቻ ምግብህን በሰዓቱ ብላ። ለአባትህ ስትደውል ደግሞ «ደህና ነህ?» ብለህ ብቻ ስልኩን አትዝጋበት፤ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ጠይቀው። ድሮ መንደሩ ሁሉ እሱን ሳይጠይቅ ባሕር አይወጣም ነበር።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

እናትህ ሂራባይ