ክሩን ለቀቅ አድርጊለት

ጥቅምት 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

አልጋውን ሙሉ ለእኔ ትታ ለሄደችው እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናታችንን ጉልበቷን ያማት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። አልጋው በጣም ሰፍቶኛል፤ አሁንም ግን ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የምተኛው።

ከሄድሽ ወዲህ ጀልባው ላይ ባንቺ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አባባ ግን ቦታውን የሰጠኝ ለሙከራ ነበር። አንድ ትልቅ አምባዛ ዓሣ መያዝ ካቃተኝ፣ ሥራ የቀዘቀዘበትን ጎረቤታችንን አናጺውን ሊያስገባ፣ እኔ ደግሞ ዳርቻው ላይ ከአክስታችን ጋር ዓሣ ልሸጥ ተባለ። የአክስታችንን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል። እስቲ እኔን እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ አስቢኝ። ገዢ መጥራቱ ይቅርና ዋጋ ሲጠይቁኝ እንኳ መሬት መሬት ነው የማየው። ጀልባው ላይ ግን የሚያናግረኝ የለም፤ ውሃው የጀልባውን ጎን ሲመታ እየሰማሁ መዋል ብቻ ነው። ደስ ይለኛል። ቦታውን እንዳላጣ በጣም ፈራሁ።

ችግሬ መቸኮሌ ነበር። ክሩ ጣቴን ነካ ሲያደርገኝ ወዲያው እመነጭቀዋለሁ። መንጠቆው ላይ የሰካናት ትንሽ ዓሣ ጎኗ ተቧጭሮ ብቻዋን ትመለሳለች። አባባ ሌላ ይሰካልኛል። አንድ ቀን ሰለቸውና፣ «ሰውዬው ገና ሊጎርስ ሲል ሳህኑን ታነሺበታለሽ» አለኝ። በማግስቱ ደግሞ እንዳልቸኩል ብዬ ሳልስብ ቆየሁ። ዓሣው ክሩን ይዞ ሄዶ ሄዶ ከድንጋይ ሥር ገባና በጠሰው። አባባ የተረፈውን ክር እየጠቀለለ፣ «ዛሬ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሸኘሽው» አለ። መሳቅ ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ፤ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ። ስንመለስ አናጺው ዳርቻው ላይ ቆሞ መቀመጫዬን በዓይኑ እየለካ ነበር።

ማክሰኞ ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ክሩን እንዳይጠላለፍ አድርጌ እግሬ ሥር አኖርኩና ወደ ውሃው የሚወርደውን በሁለት ጣቶቼ መሃል ያዝኩት። ነካ አደረገኝ። እጄ ሊመነጭቅ ሲል አባባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለቀቅ አድርጊለት። ገና በከንፈሩ ነው የያዘው፤ አንቺ እንዳለሽ ከጠረጠረ ይተፋዋል» አለኝ። ጣቶቼን ላላ አደረግኩ። ክሩ ከእግሬ ሥር እየተፈታ ትንሽ ሄደና ቆመ። ያመለጠኝ መሰለኝ። አባባ ግን፣ «አሁን እየዋጠ ነው። ሲጨርስ ራሱ ይነግርሻል» አለ። እውነትም ክሩ እንደገና ተነሳ። መጀመሪያ ሲሄድ እያመነታ ነበር፣ አሁን ግን ጉዳይ እንዳለው ሰው ቀጥ ብሎ መንገዱን ተያያዘው። አባባን አልጠየቅኩትም። ክሩን ጨብጬ በሙሉ ክንዴ ወደ ላይ ሳብኩ።

እታለም፣ ጀልባው ዘመም አለ። ክሩ መዳፌን ቆረጠኝ፣ አልለቀቅኩም። አባባ ዓሣውን ወደ ውስጥ ሲያስገባ በጭራው ጥፊ ቀመሰና ከት ብሎ ሳቀ። ከሄድሽ ወዲህ ጥርሱን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ዳርቻው ላይ ዓሣውን ያወረደልን አናጺው ራሱ ነው። ዓሣውን አየት፣ እኔን አየት አድርጎ፣ «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ወደ መዶሻዬ» አለ። ቦታው የእኔ ሆነ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ አባባ ጓሮ ቁጭ ብሎ መቅዘፊያውን ሲጠግን አጠገቡ ነበርኩ። ከአውቶቡስ ጣቢያው ቀን ጀምሮ ስምሽን አንስቶ አያውቅም ነበር። አትሄጂም ብሎ ሻንጣሽን ሲጎትት እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ አይደል? እስከ ዛሬ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ማክሰኞ ግን ቀና ሳይል፣ «ለእህትሽ ስትጽፊ መቼ ትመጫለሽ ብለሽ አትጠይቂያት። ሥራው እንዴት እንደሆነላት ብቻ ጠይቂያት» አለኝ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «የዓሣውንም ትልቅነት ንገሪያት» አለ።

ስለዚህ አልጠይቅሽም። የስፌቱ ሥራ እንዴት ነው? ክፍልሽ ፀሐይ ያገኛል? አብረውሽ የሚሠሩት ይጫወታሉ ወይስ እንደ እኔ ናቸው? ዓሣው የመቅዘፊያውን እኩሌታ ያልፋል።

በሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፣ የሚያይሽ ሁሉ በደግ ዓይን ይይሽ። እናታችን ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማለች። አባባ ሰላም በይልኝ አላለኝም፤ ግን «ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የምወስደው እኔ ነኝ» ብሎ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ እየጠበቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላቁም።

ታናሽሽ፣
ጭምቷ