ይቅርታው ወደ ታች፣ ሰሊጡ ወደ ላይ

አባዬ፣ ፈርቻለሁ። ጁላይ 12 ቀን ቤት እደርሳለሁ። ሃሊፋክስ ሐኪም ቤት ብቻህን እንዳትሄድ።

ከሰላምታ በፊት ይህን መጻፌ ስድ ሆኜ አይደለም፤ ምክንያቱን እያነበብክ ስትሄድ ታገኘዋለህ። አሁን ወደ ወጋችን ልመለስ። ውድ አባቴ፣ እንዴት ከርመሃል? ሳሉስ እንዴት አደረገህ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ታነጋዋለህ? ጉልበትህስ ከባሕሩ ዳር እስከ ቤት ያለውን ዳገት ቻለው? አክስቴ ኔታ ደህና ናት? አሁንም በሬዲዮው ድምፅ ትጨቃጨቃላችሁ? ስኪፐር፣ ያ ሰነፍ ውሻህ፣ ከምድጃው አጠገብ ተነሥቶ ያውቃል? እኔ ትንኙ ጆሮዬን ከመብላቱ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስደውልልህ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማን ነው?» ብለህ ስለምትዘጋብኝ እንደ ልማዳችን በደብዳቤ እንነጋገር።

ካምፑ ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት ችግኝ ተካዮች አሉት። ጎህ ሲቀድ ቁርሳቸውን በልተው ይወጣሉ፣ ቀኑን ሙሉ በተመነጠረው ኮረብታ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ይውላሉ፣ ማታ ጅብ ሆነው ይመለሳሉ። የምናበስልላቸው እኔና ማርሎ ነን። ማርሎ ባለፈው የጻፍኩልህ የማኒቶባው ሰው ነው፤ ጢሙን በመረብ ሸፍኖ ሽንኩርት ሲከትፍ የሚያለቅሰው።

ማን ምን እንደማይበላ የምንይዘው በማስታወሻ አፕ ውስጥ በሠራሁት ሰንጠረዥ ነው። በጸደይ መግቢያ ላይ ቢሮ ተቀምጬ በላፕቶፕ ሠራሁት፤ ስም፣ የድንኳን ቁጥር፣ የማይበላው ነገር፣ አስተያየት። እዚያ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ሁሉም ይነበብ ስለነበር ኮርቼበት ነበር። ግን ላፕቶፕ ይዞ ምድጃ ላይ የሚቆም ወጥ ሠሪ የለም፤ እኛ ጋ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ ላይ ዓምዶቹ አውራ ጣት ያህል ጠበቡ። ዓረፍተ ነገሩ አምስት ስድስት ቃል ብሎ ይቆረጥና ሦስት ነጥብ ይቀራል። ቀሪውን ለማየት መንካት አለብህ። ወደ ጎን ከሳብከው ደግሞ ምግቡ ይመጣል፣ የሰውየው ስም ይሄዳል። እጁ ሊጥ የሆነ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ይነካካል?

ሰንጠረዡን የሞሉት ደግሞ ራሳቸው ተካዮቹ ናቸው። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፤ «ይህ ነገር ይገድለኛል» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃል። ሃምሳ ሁለት ሰው፣ ሃምሳ ሁለት ይቅርታ። ስልኩ ላይ የሚታየው እንዲህ ነበር፦ «ይቅርታ፣ ላስቸግራችሁ አልፈልግም...» ከሥሩ «ይቅርታ፣ ትንሽ ነገር ናት ግን...» ከሥሩ «ይቅርታ፣ እንዲህ ስላበዛሁ...» ማርሎ አይቶት «ይሄ የምግብ ዝርዝር ነው ወይስ የንስሐ መዝገብ?» አለና አብረን ሳቅን። መሳቃችን ነው አሁን የሚያንገበግበኝ።

ጁን 6 ማታ ቀዝቃዛ ኑድል በሰሊጥ ቅባት አዘጋጀሁ። ከመለወሴ በፊት ስልኩን አየሁ፤ እውነቴን ነው፣ አየሁ። ብሪን የምትባል የኦንታሪዮ ልጅ አለች፤ የመጀመሪያ ዓመቷ ነው፣ ማታ ማታ ሳልጠራት መጥታ የእቃ ማጠቢያውን በርሜል ከእኔ ጋር የምትሸከም። በስሟ ፊት «ይቅርታ፣ ማስቸገር አልወድም፣ የተገኘውን እበላለሁ...» ይላል። ተባረኪ ብዬ አለፍኩ። ከሦስቱ ነጥብ ኋላ የቀረው እንዲህ ነበር፦ «ሰሊጥ ሲቀር። ጉሮሮዬን ይዘጋዋል። መርፌዬ ቦርሳዬ የላይኛው ኪስ ውስጥ ነው።»

የበላችው ሦስት ጉርሻ ቢሆን ነው። ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷ ቀላ። አባዬ፣ ብነግርህ አታምነኝም፤ ትንፋሽ እያጠራት ጉሮሮዋን ይዛ ተነሥታ ወንበር ላይ ያሉትን «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አንዴ ልለፍ» ትላለች። ነገሩ ከእኔ በፊት የገባው የካምፑ አለቃ ረስል ነው። «መርፌሽ የት ነው? ይቅርታሽን ተዪና መርፌሽን ንገሪኝ!» ብሎ ጮኸባት። በጣቷ ቦርሳዋን አሳየችው፤ አውጥቶ ጭኗ ላይ ወጋት። ከዚያ በመኪና ሁለት ሰዓት ኮረኮንች መንገድ እጇን ይዤ ሄድኩ። ትንፋሿ ሲመለስላት ደግሞ የምታጽናናኝ እሷ ሆነች። «ጥፋቱ የኔ ነው ሊዮና፣ አንዛዛሁት» ትለኛለች። ሐኪም ቤት ሁለት ቀን አድራ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሯ ተመለሰች።

ረስል «ጥፋተኛው ስልኩ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለኝ። «ስልኩ ወጥ አልሠራም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ሥራውን ጥዬ ለመሄድ ከጅሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን ጥዬ ብሄድ ሰንጠረዡ እንደዚያው ሆኖ ሌላ ሰው እጅ ላይ ሊወድቅ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር በስልክ ሳይነበብ ከዚህ ካምፕ ንቅንቅ አልልም ብዬ ማልኩ።

መጀመሪያ ጽሑፉ እንዳይቆረጥ፣ ሲሞላ ወደሚቀጥለው መስመር እየወረደ እንዲታይ አደረግሁት። ሁሉም ቃል ወጣ። ግን አምስት ሰው ብቻ ስልኩን ሞላው፤ ሰሊጡ ከይቅርታው ሥር ነበርና ሃምሳ ሁለተኛው ሰው ጋ እስክደርስ ጣቴ ዛለ። ማርሎ «አሁን ደግሞ ልብ ወለድ ሆነ» አለኝ። በወረቀት ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ እንፋሎቱ በአራት ቀን ጠቅልሎ ጣለው። ሰዉም በየሳምንቱ ይወጣል ይገባል፤ ዛሬ የለጠፍከው ነገ ውሸት ነው።

ያን ጊዜ ያንተ ሰሌዳ ትዝ አለኝ። የመርከብ ወጥ ሠሪ ሳለህ፣ ከምድጃው በላይ፣ ማን ምን እንደማይበላ በጠመኔ የምትጽፍበት። በልጅነቴ ስትወስደኝ ለምን የመርከበኞቹን ስም አስቀድመህ እንደማትጽፍ ብጠይቅህ «ሞት የሚያመጣው ከላይ፣ አምሮት ከታች፤ ማዕበል ሲነሣ የምታነቢው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው» ብለኸኝ ነበር። ስለዚህ ሰፊውን ሰንጠረዥ ተውኩት። ስልኩ ላይ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንደ ካርድ እንዲወጣ አደረግሁ። የካርዱን ርዕስም ከአደጋው አስጀመርኩት፦ «ሰሊጥ የለም፦ ብሪን፣ ድንኳን 31»። ከሥሩ መርፌው ያለበት ቦታ፣ ሌላ ምንም። የቀረውን ዓምድ ሁሉ ደበቅሁት፣ ፊደሉን አሳደግሁት፣ ለነፍስ የሚያሰጋውን ሁሉ ወደ ላይ አመጣሁት።

ቀጥሎ የቀረው ሰዉ ነው። መመገቢያው ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ ቆሜ «ስሙኝ! መጀመሪያ የምትጽፉት የሚገድላችሁን ነው። ይቅርታ የሚል ቃል እንዳላይ!» አልኳቸው። ሁሉም እሺ አሉ። በማግስቱ ብከፍተው «ይቅርታ፣ ኦቾሎኒ»፤ ከሥሩ «ስላስቸገርኩ ይቅርታ፣ ወተት»። ረስል እስኪያለቅስ ሳቀ። «ከዚህ ሕዝብ ይቅርታ ከመንቀል የዝግባ ጉቶ በጥርስ መንቀል ይቀላል» አለኝ። እኔም እልህ ያዘኝ። መጻፉን ከለከልኩና የምግቡን ስም ብቻ እየነኩ እንዲመርጡ አደረግሁ። እንዳይከፋቸው ደግሞ መጨረሻ ላይ «የይቅርታ ማጠራቀሚያ» የሚል ቦታ ከፈትኩላቸው፤ የወጥ ቤቱ ስልክ ላይ አይታይም። ሞልቶ ፈስሷል። አንዱማ ምንም የማይከለክለው ሰው ገብቶ «ችግር ስለሌለብኝ ይቅርታ» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ ፈተንኩት። ማርሎ ክንዱ ድረስ ዱቄት ነው፣ መነጽሩን ወሰድኩበት፣ ስልኩን የጨው ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ ሁለት እርምጃ አራቅሁት። «አንብብ!» አልኩት። «ሰሊጥ የለም፣ ብሪን። ኦቾሎኒ የለም፣ ዴቭን። ሽሪምፕ የለም... አንቺ ሴትዮ፣ ሾርባዬ ሊያርብኝ ነው!» አለኝ። በሌላ ቀን ወጥ ቤቱን ለእሱ ብቻ ትቼ ከምሳ መኪናው ጋር ኮረብታ ወጥቼ ዋልኩ። ስመለስ ሃምሳ ሁለቱም በልተዋል። ብሪን ሰልፉ ላይ ደርሳ አፏን ሳትከፍት ማርሎ ከስልኩ አንብቦ «ሰሊጥ የለበትም፣ ብዪ» አላት አሉ። ሁለት ጊዜ ጨምራለች።

አባዬ፣ አሁን ያንተን ደብዳቤ ላንሣ። ጁን 16 ደረሰኝ። ምድጃ ላይ ቆሜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አነበብኩ፤ የጣሪያውን ሚስማር፣ የጎረቤታችንን የሜልቪንን የጀልባ ሞተር፣ የአክስቴ ኔታን የፖም ፓይ። «አባዬ ደህና ነው» አልኩት ማርሎን፤ አጥፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የሰንጠረዡ ሥራ አልቆ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። በአራተኛው ገጽ ጀርባ «ወረቀቱን ስላበዛሁብሽ ይቅርታ» ብለህ፣ ከዚያ ሥር በደቃቅ ጽሕፈት፣ ሐኪሟ ሳንባህ ላይ ጥላ እንዳየች፣ ጁላይ 14 ሃሊፋክስ ላይ ቁራጭ ወስደው እንደሚመረምሩት፣ በአውቶቡስ እንደምትሄድ፣ እኔም እንዳልጨነቅና ሥራዬን እንዳልተው ጽፈሃል።

መጀመሪያ ባንተ ተናደድኩ። «ሞት የሚያመጣው ከላይ» ብሎ ያስተማረኝ ሰው የራሱን ከጣሪያ ሚስማርና ከፓይ ሥር ይቀብራል? ኋላ ግን በራሴ ብሶ ተናደድኩ። ዐሥር ቀን ሙሉ ደረቴ ሥር ይዤህ ስዞር፣ ስልኩ ብሪንን እንዳደረጋት አድርጌሃለሁ፤ መጀመሪያውን አይቼ ደህና ነው ብዬ አለፍኩህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሳያነብ የሚያልፍ ልጅ ያለው ሰው ግን ባይደብቀውም ያው ነው።

በማግስቱ ረስል ዘንድ ሄጄ ከጁላይ 11 ጀምሮ እንደማልኖር ነገርኩት። ልሂድ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። «ወጥ ቤቱስ?» አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ማዶ አቆምኩለት። ዓይኑ እንዴት እንደሆነ ጽፌልሃለሁ፤ መነጽሩን ቢሮ ውስጥ ሲፈልግ ነው የሚውለው። መነጽሩን ሳይፈልግ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ያለ መነጽር ካነበብኩት ማንም ያነበዋል፤ ወደ አባትሽ ሂጂ» አለኝ። ያ ሰንጠረዥ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ሃምሳ ሁለት ጉሮሮ ትቼ ወዴት እሄድ ነበር? ስለዚህ «ሥራሽን አትተዪ» የሚለውን ነገር እንዳታነሣብኝ። ቲኬቱ ተቆርጧል። ቀድመኸኝ በአውቶቡስ ብታመልጥም ሐኪም ቤቱ በር ላይ ታገኘኛለህና ጉልበትህን አታድክም።

ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለብህን ብቻ ጻፍ፤ ያመኛል፣ ወይም አያመኝም። የሜልቪን ሞተር ከዚያ በኋላ ይምጣ። ይቅርታህን ከፈለግህ ጀርባው ላይ አጠራቅመው።

አክስቴ ኔታን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ስላንተ ነገር አውቃ ዝም ካለች ግን መጥቼ እጣላታለሁ በላት። ሜልቪንን ደህና ሁን በለው፣ ጁላይ 12 ከአውሮፕላን ማረፊያው እንዲወስደኝ ንገረው፣ መኪናው እንደ ጀልባው እምቢ ካላለ። ስኪፐርን ጆሮውን እከክልኝ። ማርሎ ሰላም ብሎሃል፣ ረስልም። ብሪን ደግሞ አንተን ሳታውቅህ ይቅርታ ብላሃለች።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት መልሼ አነበብኩት። ጁላይ 12 እደርሳለሁ የሚለው ከላይ አለ፣ ብቻህን እንዳትሄድ የሚለውም አለ። አንዱን ቃል ግን እኔም እዚህ ታች፣ ከሰላምታው ሥር፣ ጽፌው አገኘሁት። እዚህ ያለውን ሰርዤዋለሁ። ከላይ፣ «አባዬ» ከሚለው ቀጥሎ፣ በጠባብ ቦታ ተጣብቆ ያየኸው ቃል እሱ ነው።

ልጅህ ሊዮና
ከስሚዘርስ በስተሰሜን ካለው የችግኝ ካምፕ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ
ጁን 28 ቀን 2023